ወደ ቦምቡ የሚሄዱ ሰዎች፦ ከለንደን እስከ ኦማ

ሰኞ፣ ለንደን

ባዶ የቡና ብርጭቆ ይዤ ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያን ዞርኩት። መጣያ በርሜል የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ ያገኘሁት ከብረት ቀለበት ላይ የተንጠለጠለ ስስ ላስቲክ ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የሙዝ ልጣጭ፣ ጋዜጣ፣ የሌላ ሰው ብርጭቆ። ምክንያት አለው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1991 እዚሁ ጣቢያ ውስጥ መጣያ ውስጥ የተደበቀ ቦምብ ፈንድቶ አንድ ሰው ገደለ፤ ብዙዎችን አቆሰለ። ከዚያ በኋላ በርሜሎቹ ከጣቢያዎች ተነሡ። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ፤ ላስቲኩ እንደተንጠለጠለ ነው።

የመጣሁት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ቤተ መንግሥቱና ትልቁ ሰዓት ይቆዩኝ። ይህን ሳምንት ቦምብ የተጠመደባቸውን ቦታዎች እየዞርኩ አያለሁ። ከሁሉ በላይ የማምከኑን ሥራ የሠሩትን ሰዎች ዱካ መከተል ፈልጌያለሁ። ሕዝቡ ሁሉ ከቦምቡ ሲሸሽ እነሱ ወደዚያው ይሄዳሉ። ምን ዓይነት እንጀራ ነው ይሄ? (ቀኑንም ዓመቱንም እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሄድኩ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1940 ከጀርመን አውሮፕላን የተጣለ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ቦምብ ካቴድራሉ ሥር መሬት ሰርስሮ ገባ። አልፈነዳም። ሌተናንት ሮበርት ዴቪስና ጓዶቹ ሦስት ቀን ቆፍረው አወጡት። ከዚያ መኪና ላይ ጭነው ሃክኒ ማርሽስ ወደሚባለው ሜዳ ወሰዱት። መኪናውን የነዳው ዴቪስ ራሱ ነው። እዚያ ሲያፈነዱት 30 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ ከፈተ። ያ ጉድጓድ ካቴድራሉ ሥር ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡት። ዴቪስና ጆርጅ ዋይሊ የተባለው ወታደር ጆርጅ ክሮስ የሚባለውን ሜዳሊያ ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች ጋር አገኙ። ዴቪስ ሁለት ዓመት ሳይቆይ በማጭበርበር ተከሶ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ፈርዶበታል። ጀግንነትና ጻድቅነት ለየቅል ናቸው።

ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ሳሰላስል ነበር። ከፋብሪካ የወጣ ቦምብ ወንድሞች አሉት። የአንዱን ፊውዝ፣ ማለትም ማፈንጃውን፣ የፈታ ሰው የሌላውንም ይፈታል፤ የተማረውን ጽፎ ለጓደኛው ያስተላልፋል። ጀርመኖቹም ይህን አውቀው ቆየት ብለው ፊውዙን ለሚነቅለው ሰው ከሥሩ ወጥመድ መክተት ጀመሩ። በእጅ የተሠራ ፈንጂ ግን ከመጀመሪያውም ወንድም የለውም። አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ካገኘው ዕቃ እንደገባው የሠራው ነው። ቦርሳ ሊመስል ይችላል። የወተት ጋን፣ የቢራ በርሜል፣ የቆመ መኪና ሊሆን ይችላል። የሚያመክነው ሰው ሁልጊዜ አዲስ ተማሪ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኬንሲንግተን ቸርች ስትሪትን ወጣሁት። የጥንት ዕቃ የሚሸጥበት፣ ጸዳ ያለ፣ ሽቅብ የሚወጣ መንገድ ነው። ኦገስት 29 ቀን 1975 አንድ የጫማ መደብር ደጃፍ ላይ ቦምብ ተገኘ። የለንደን ፖሊስ የፈንጂ ባለሙያ ሮጀር ጎድ ሊያመክነው ጎንበስ አለ። ፈነዳ። 40 ዓመቱ ነበር። ጆርጅ ክሮስ የተሸለመው ከሞተ በኋላ ነው። ያኔ በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ በባዶ እጅ፣ ፊት ለፊት ተጎንብሶ። በጉልበትህና በቦምቡ መካከል ምንም የለም።

ማክሰኞ፣ ማንችስተር

ዛሬ ብዙ የምጽፈው የለኝም። እዚህ የመጣሁት አንድ ቀይ የፖስታ ሳጥን ለማየት ነው።

ጁን 15 ቀን 1996፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሱቁ ሁሉ በሰው ተጨናንቋል። 1,500 ኪሎ ገደማ ፈንጂ የጫነ መኪና ኮርፖሬሽን ስትሪት ላይ ቆመ። ያቆሙት የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር፣ በአጭሩ አይአርኤ የሚባለው ድርጅት ሰዎች ናቸው። ስልክ ተደወለ፤ ቦምብ እንዳለ ተነገረ። ፖሊስ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ 75,000 የሚሆን ሰው ከመሀል ከተማ አስወጣ። የብሪታንያ ጦር አምካኝ ቡድን ሮቦቱን ወደ መኪናው ልኮ እየሠራ ሳለ ጊዜው አለቀ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ17 ላይ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ተጎዳ። የሞተ የለም።

ሳጥኑ ከፍንዳታው ጥግ ቆሞ ነው የተረፈው። አሁንም ሰው ደብዳቤ ይከትበታል፤ ትንሽ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። አጠገቤ የነበሩ ጎብኚዎች «ተአምር ነው!» እያሉ ፎቶ ያነሡታል። ለኔ ግን ተአምሩ ሳጥኑ አይመስለኝም። 75,000 ሰው ግዢውን ጥሎ፣ ፀጉር ቤት ያለው ግማሽ ተቆርጦ፣ «ውጡ» ሲባል መውጣቱ ነው። ከተጎዱት ውስጥ ከፖሊስ ገመድ ውጭ የቆሙም ነበሩ። መስታወት ሩቅ ይበራል። ትንሽ ራቅ ቢሉ ኖሮ እነሱም ምንም አይነካቸውም ነበር።

ረቡዕ፣ መርከብ ላይ

ከሊቨርፑል ማዶ፣ ከበርከንሄድ ተነሥቶ ቤልፋስት የሚገባው መርከብ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባሕሩ ዛሬ ጨዋ ነው። አንድ ሽማግሌ መስኮት ዳር ብቻቸውን ቃላት መሙያ ጨዋታ ይጫወታሉ። ቦታ ጠይቄ ተቀመጥኩ። ወሬ ወሬን አንሥቶ የት እንደምሄድ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እኔ እኮ እዚያ ሠርቻለሁ» አሉኝ። «ያንኑ ሥራ።»

ወይ ዕድል! በሰባዎቹ መጨረሻ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የብሪታንያ ጦር ፈንጂ አምካኝ ነበሩ። ክፍላቸው 321 ይባላል። የሬዲዮ መጠሪያቸው ፌሊክስ ነው፤ የድመት ስም። እንግሊዞች ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት ይላሉ። «ስሜን ግን አትጻፊ» አሉኝ፤ እሺ አልኳቸው።

«ፈንጂው ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያስቡት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጋ መድረስ የሚባል ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ልጄ። መጀመሪያ ራቅ ብዬ ቆሜ እጠይቃለሁ። ማን አየው? መቼ አየው? ማን ደወለ? ምን አለ? ከዚያ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ይሄ ለማን ነው የተቀመጠው? ለሱቁ ነው? ለፖሊሱ ነው? ወይስ ለኔ?»

ይህቺን ጥያቄ ማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩባት።

ሥራው በአብዛኛው መጠበቅ ነው አሉኝ። ሰው ሁሉ ቶሎ በል ይላል። ባለ ሱቁ ገበያዬ ቀረ ይላል፤ ፖሊሱ መንገድ ተዘጋ ይላል። አምካኙ ግን ሰዓቱን እያየ ይቆያል። የሰዓት ቦምብ ከሆነ ባዶ መንገድ ላይ ቢፈነዳ ጉዳቱ ሕንፃ ነው፤ ሕንፃ ይሠራል። «መንገዱ ላይ ያለ ንብረት የኔን ያህል አያወጣም ብዬ ማሰብ ለመድኩ። መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር።»

ከጠበቁ በኋላ ሮቦቱን ይልካሉ። ሮቦቱ ካቃተው ብቻ ሰው ይሄዳል፤ እሱም አንድ ሰው። ቁጥር ሁለት የሚባለው ረዳት ልብሱን ያለብሰዋል፣ መሣሪያ ያቀብለዋል። ሌላ ሰው ደግሞ በሪሞት የሚፈነዳ ቢሆን ብሎ የሬዲዮ ሞገዱን ያፍናል። ከዚያ ቁጥር አንድ ብቻውን ይራመዳል። የአሁኑ ልብስ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ደረትን፣ አንገትን፣ ጭንን ይሸፍናል። እጆች ግን ባዶ ናቸው። ጓንት ከተደረገ ጣት አይሠራማ።

እጃቸውን አየሁት። ደህና ነው፤ አሥሩም ጣት አለ። እያየሁ እንደሆነ ገባቸውና ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ቃላት ጨዋታቸው ተመለሱ፤ እኔም ሁለት ቃል ልረዳቸው ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ሐሙስ፣ ቤልፋስት

ኤውሮፓ ሆቴል ከአዲሱ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ደጃፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ገብቼ አዳራሹ ውስጥ ሻይ አዘዝኩ። ምንጣፉ ወፍራም፣ አስተናጋጁ ትሁት። የተከፈተው በ1971 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ30 ጊዜ በላይ የቦምብ ጥቃት ደርሶበታል። በአውሮፓ እንደሱ ቦምብ የበዛበት ሆቴል የለም ይባላል። ግጭቱን ሊዘግቡ የመጡ ጋዜጠኞች የሚያርፉትም እዚሁ ነበር።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ አካል ናት። ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ እንደዚያው ይሁን ይላል፤ ሌላው ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር እንዋሐድ ይላል፤ አይአርኤ የዚህኛው ወገን ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት ድረስ ከ3,500 በላይ ሰው አለቀ። ቦምብ ያጠመደው አንዱ ወገን ብቻ አይደለም። ዲሴምበር 1971 እዚሁ ከተማ ማክገርክስ በሚባል መጠጥ ቤት 15 ሰው የገደለውን ቦምብ ያጠመዱት የሌላኛው ወገን ታጣቂዎች ናቸው።

ወደ ሆቴሉ ልመለስ። ኦክቶበር 20 ቀን 1971 ሆቴሉ ውስጥ ያለ የስልክ ሣጥን ውስጥ ቦምብ ተቀመጠ። የመጣው አምካኝ ሻለቃ ጆርጅ ስታይልስ ነበር። ቦምቡ የተሠራው እንዲፈነዳ ብቻ አይደለም፤ የሚነካውን ሰው እንዲገድልም ነው። ስታይልስ ሰባት ሰዓት ፈጀበት። አከሸፈው። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሌላ ተቀመጠ። ይሄኛው ይበልጥ ከባድ፣ ይበልጥም የተወሳሰበ ነው። ዘጠኝ ሰዓት። እሱንም አከሸፈው። ጆርጅ ክሮስ ተሸለመ።

ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ያሰብኩት ያቺን የሁለት ቀን ልዩነት ነው። ሠሪው የመጀመሪያው እንደከሸፈበት አውቋል። ሁለተኛውን ሲሠራ የሚያስበው አንድ ሰው ነበር ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። የመርከቡ ሽማግሌ «ወይስ ለኔ?» ያሉት ይሄንን ነው።

ከስታይልስ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ሮቦቱ ብዙም አልቆየም። በ1972 የመኪና ቦምብ በዛ። መኪና ደግሞ ኪሱ ብዙ ነው፤ በሩን መክፈት፣ ኮፈኑን ማንሣት ሞት ሊሆን ይችላል። ፒተር ሚለር የሚባል ጡረታ የወጣ ሌተናንት ኮሎኔል መላ ዘየደ። ለአትክልት ሥራ የሚያገለግል፣ በባትሪ የሚሄድ ጋሪ አለ። የሱን ሻሲ ወስዶ ሜንጦ የሚያስገባ ነገር ሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ጋሪው ሄዶ የተጠረጠረው መኪና ላይ ሜንጦውን ይሰካ፣ ሰው ከሩቅ ሆኖ ይጎትት። ስሙም ዊልባሮ፣ ማለትም ጋሪ፣ ሆኖ ቀረ። እየቆየ የጎማ ሰንሰለት፣ ካሜራ፣ ክንድ ተጨመረለት። ከዚያ ፒግስቲክ የሚሉትን መሣሪያ ተሸከመ። ይህ ውኃን በኃይል የሚተኩስ ነው። ውኃው የቦምቡን ሽቦና ባትሪ ለመፈንዳት ጊዜ ሳይሰጠው ይበታትነዋል። ውኃ! ሳነበው ገርሞኝ ነበር፣ ዛሬም ይገርመኛል። በሥራ ላይ እንዳሉ የፈነዱ ዊልባሮዎች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ የተሰባበረ ጋሪ ፋንታ አንድ ሰው ቤቱ ገብቷል።

ከሰዓት በኋላ ታክሲ ያዝኩ። የዚህ ከተማ ጥቁር ታክሲዎች አስጎብኚም ናቸው። ሹፌሩ ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ላጋን ወንዝ ዳር፣ ዋተርፍሮንት የሚባለው አዳራሽ አካባቢ ሲደርሱ ግን ቀልዱን አቆሙ።

«እዚህ የአውቶቡስ ጣቢያ ነበር» አሉ። ጁላይ 21 ቀን 1972፣ ዓርብ። አይአርኤ 20 ያህል ቦምብ በ80 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከተማው ላይ አፈነዳ። ዘጠኝ ሰው ሞተ፤ ስድስቱ እዚህ ጣቢያ ውስጥ። 130 ሰው ቆሰለ። ስልክ ተደውሎ ነበር፤ ግን ጥሪው ብዙ፣ የሐሰትም የእውነትም ድብልቅ ነው። የትኛውን ይመኑ? ሰዉ ከአንዱ ሸሽቶ ወደ ሌላው ይሮጥ ነበር።

«እኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴ 'ቁም!' አለችኝ። 'ወዴት እንቁም?' አልኳት። እሷም አላወቀችም።»

ከዚያ ቀን በኋላ መሀል ከተማው በብረት አጥር ተከበበ። ሱቅ ለመግባት ቦርሳ ይፈተሻል፤ የዚህ አገር ሰው ለዓመታት እጁን ዘርግቶ እየተፈተሸ ዳቦ ገዛ። ሹፌሩ ሒሳብ ስከፍላቸው እንደገና ቀልደኛ ሆኑ። መልስ አልሰጡኝም፤ ቲፕ ነው ብለው ወሰዱት።

ዓርብ፣ ናሮው ዋተር

በባቡር ኒውሪ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ዋረንፖይንት። መንገዱ የውኃ ዳር ይዞ ይሄዳል። ውኃው ጠባብ ነው፤ ማዶው ሌላ አገር፣ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ነው። ዳሩ ላይ ያረጀ የድንጋይ ግንብ ቆሟል፤ ናሮው ዋተር ካስል ይባላል። አሁን አጠገቡ ክሬን ይሽከረከራል። ሁለቱን ዳርቻዎች የሚያገናኝ ድልድይ ግንባታ በ2024 ተጀምሯል።

ኦገስት 27 ቀን 1979 የብሪታንያ ጦር መኪኖች በዚህ መንገድ ሲያልፉ፣ ጭድ የጫነ ተሳቢ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ጭዱ ውስጥ ቦምብ አለ። ከማዶ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው በሪሞት አፈነዳው። ስድስት ወታደሮች ሞቱ። የተረፉትና ለእርዳታ የመጡት ከመንገዱ ተሻግረው፣ የድንጋይ አጥርና የዘበኛ ቤት ያለበት በር ጋ ተሰበሰቡ። መከለያ ስላለው። 32 ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛው ፈነዳ። የተደበቀው እዚያው በር ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ገደለ።

ያጠመዱት ሰዎች ጦሩ ከፍንዳታ በኋላ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው አጥንተው ነበር። የመጀመሪያው ቦምብ ለሚያልፉት መኪኖች ነው። ሁለተኛው ለእርዳታው። ወታደሮቹም ወደ ማዶ ተኩሰው ምንም የማያውቅ አንድ ሲቪል ገድለዋል።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ከበሩ ጋ ቆምኩ። ሩቅ አይደለም። ከዚህ እዚያ፣ ከፍንዳታው እስከ መከለያው። ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። እኔም ብሆን እዚያው ነው የምሮጠው።

ከዚያ ወዲህ ፍንዳታ ያለበት ቦታ የሚደርስ ሰው ሁሉ፣ አምቡላንስም ይሁን ፖሊስ፣ የሚቆምበትን ቦታ ሳይፈትሽ አይቆምም። እዚህ አገር ይህ ትምህርት በደም ነው የተጻፈው። በመልስ አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ኒውሪ ላይ ሹፌሩ ቀሰቀሰኝ።

ቅዳሜ፣ ኦማ

ኦማ ባቡር የላትም፤ ሐዲዱ በ1965 ተዘግቷል። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ትንሽ፣ ዳገታማ፣ ሰው ሰላም የሚልባት የሰሜን አየርላንድ ከተማ ናት። ዋናው መንገዷ ከላይ ከፍርድ ቤቱ ይነሣል። ላይኛው ክፍል ሃይ ስትሪት፣ ታችኛው ማርኬት ስትሪት ይባላል። ይህን የስም ነገር ያዙልኝ፤ ያስፈልገናል።

ኦገስት 15 ቀን 1998። የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ አራት ወር ሆኗል። ስምምነቱን ያልተቀበለ፣ ሪል አይአርኤ የሚባል ቡድን ሰዎች የተሰረቀ መኪና በፈንጂ ሞልተው ማርኬት ስትሪት ላይ አቆሙ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ እናቶች ዩኒፎርም ሊገዙ ወጥተዋል። ማስጠንቀቂያ ተደወለ። ደዋዮቹ ፍርድ ቤት አሉ፤ ሜይን ስትሪትም አሉ። ኦማ ውስጥ ሜይን ስትሪት የሚባል መንገድ የለም። ፖሊስ ፍርድ ቤቱን ያዘ። ሰዉን ከፍርድ ቤቱ አርቆ ቁልቁል ወደ ማርኬት ስትሪት ወሰደው። ወደ መኪናው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ፈነዳ። 29 ሰው ሞተ፤ አንዷ መንታ ያረገዘች ነበረች። ከ200 በላይ ቆሰለ። ከሪፐብሊኩ ለሽርሽር የመጡ ልጆች ነበሩበት። ከስፔን የመጣ ልጅና አስተማሪ ነበሩበት። በግጭቱ ታሪክ ውስጥ በአንድ ቦምብ ብቻ ይህን ያህል ሰው የሞተበት ጊዜ የለም።

ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ተነሥቼ ወደ ታች ሄድኩ። ቀስ ብዬ፣ እንደነሱ። ሱቆቹ ክፍት ናቸው። አንዲት ልጅ ጋሪ ውስጥ ያለ ወንድሟን እየገፋች ታልፋለች። ይህ መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ የሚያበሳጨኝ ለዚህ ነው። በዚህ ሳምንት ያየሁት ሥራ ሁሉ፣ ሮቦቱም፣ ገመዱም፣ የሽማግሌው መጠበቅም፣ ሰውን ከቦምቡ ለማራቅ ነው። ኦማ ላይ ሰዉ የተባለውን አደረገ። ፖሊሱም የተነገረውን አምኖ ሠራ። የፈንጂ አምካኝ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ሥራው የሚጀምረው ከቃሉ ነው፣ ቃሉ ሐሰት ነበር።

ፍንዳታው በደረሰበት ቦታ አራት ሜትር ተኩል የሚሆን የመስታወት ሐውልት ቆሟል። ውስጡ የልብ ቅርጽ ያለው ክሪስታል አለ። ራቅ ብሎ መታሰቢያ የአትክልት ቦታ አለ፤ እዚያ ፀሐይን እየተከተለ የሚዞር መስታወት ብርሃኑን ወደ 31 ትንንሽ መስታወቶች ይመልሳል። 29ኙና መንታዎቹ ናቸው። ከነሱ ተንፀባርቆ ሐውልቱ ውስጥ ያለው ልብ ላይ ያርፋል። እኔ በደረስኩ ጊዜ ደመና ነበር። አንድ ሰዓት ጠብቄ ለሦስት ደቂቃ ያህል ፀሐይ ወጣች፤ ልቡ በራ።

በዚህ ግድያ በወንጀል ችሎት ጥፋተኛ የተባለ ሰው እስከዛሬ የለም። ቤተሰቦቹ ራሳቸው በከፈቱት የፍትሐ ብሔር ክስ በ2009 አራት ሰዎች ተጠያቂ ተብለዋል። አሁን ደግሞ ሎርድ ተርንቡል የሚመሩት ይፋዊ አጣሪ ጉባኤ፣ መንግሥት ጥቃቱን አስቀድሞ ሊያስቆመው ይችል ነበር ወይ የሚለውን ይመረምራል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ቤተሰቦች እዚሁ ከተማ ውስጥ ቀርበው ስለ ሟቾቻቸው ተናግረዋል። ከ26 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እሁድ፣ ቤልፋስት

ከሰዓት በኋላ በረራ ነበረኝ። ያረፍኩበት ሰሜን ቤልፋስት ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት በሩ ተንኳኳ። የፖሊስ ሴት ናት። «ከመንገዱ ወዲያ አንድ ዕቃ ተገኝቷል። ኮት ልበሱና ውጡ፤ ሌላ ነገር አትያዙ።»

ልቤ ድው አለ። ጎረቤቶቹ ግን እያዛጉ ነው የወጡት። አይአርኤ መሣሪያውን ማስረከቡ በ2005 በካናዳዊው ጄኔራል ጆን ደ ሻስትላን በተመራው ኮሚሽን ተረጋግጧል። ትንንሾቹ ቡድኖች ግን አልጠፉም። በ2011 እዚያው ኦማ ውስጥ መኪናው ሥር በተጠመደ ቦምብ አንድ ወጣት ፖሊስ ተገድሏል። በ2021 ደንጊቨን አካባቢ አንዲት ፖሊስ ቤት ደጃፍ መኪናዋ አጠገብ የተጠመደው በአምካኞች ከሽፏል። በ2024 የአደጋ ሥጋቱ ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ ብሏል፤ ፖሊሶች ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለው መኪናቸው ሥር ያያሉ።

ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወሰዱን። ወዲያው አላስገቡንም። ሁለት ፖሊሶች መጀመሪያ አዳራሹን ዞሩ። ከበር ኋላ፣ መጣያውን፣ የቆሙትን መኪኖች፣ የአበባ ሳጥኑን ሳይቀር። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ዝናብ እየጣለብን ማንም ሰው አንድ ቃል አላጉረመረመም። ባላወቅኩ ኖሮ እኔ እጮህ ነበር።

ከአዳራሹ መስኮት የመንገዱ ጫፍ ይታያል። የጦሩ ነጭ መኪና መጣ። ከኋላው ዊልባሮ ወረደ። ከጠበቅኩት ያንሳል። በሰንሰለቱ እየተንገጫገጨ፣ የመንገዱን ጉብታ ሲወጣ ቀስ እያለ፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ ሄደ። ከኋላው ማንም የለም። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር አልሆነም። ልጆቹ ካርታ ተጫወቱ። አንድ ቄስ ሻይ አፈሉ። ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ውኃው መሆኑ ነው። እንደገና ጥበቃ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፖሊሷ ገባች። የተቀመጠው ነገር ቦምብ እንዲመስል የተሠራ ባዶ ዕቃ ነበር፤ ማታለያ። መግባት ትችላላችሁ አለችን።

ከጎኔ የተቀመጡ አሮጊት ተነሡ። «ዶሮዬን ምድጃ ውስጥ ትቼ ነው የወጣሁት» አሏት። «እሳቱን አጥፊልኝ ብዬሽ አልነበር?»

«አጥፍቼዋለሁ፣ እማማ።»

«አይ እንግዲህ፣ ጥሬ ሆኗላ» አሉና ኮታቸውን ቆለፉ።